ለአሮጌ የመጫወቻ ባቡር ተራራና የካርቶን ቤት እንዴት ይሠራል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ፣ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ላዮኔል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራውን የመጫወቻ ባቡር ከነሐዲዱ ገዝቼ ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ ሲሆን ሦስት ዘንግ ባለው ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪኩንም የሚወስደው ከመካከለኛው ዘንግ ነው። ሞተሩን አጽድቶና ዘይት ቀብቶ ማስኬዱ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ሆነልኝ። ዙሪያውን ተራራና መንደር ማልበሱ ግን ሁለት የብርድ ወቅት ፈጀብኝ፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ የሠራሁትን በማፍረስ ያለፈ ነው። ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላሳስብ፦ ከእንዲህ ዓይነት ባቡር ጋር የሚገኘው ትራንስፎርመር ገመዱ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ፣ ገመዱን ባለሙያ ሳይቀይረው ሶኬት ላይ አይሰኩት።

መጀመሪያ ሐዲዱ የሚያርፍበትን መደብ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔንሳቶ ይሥሩና ከሥሩ በእንጨት ያጠናክሩት። ሐዲዱን ገጣጥመው በብሎን ያሲዙት፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ሌላ ምንም ሳይሠሩ ባቡሩን ብቻ ያስኪዱት። ባቡሩን ከመስመር የሚያስወጣ መጥፎ መገጣጠሚያ ካለ በዚህ ጊዜ ይታወቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔም ዘልዬው የተቀጣሁበት ነው። የእነዚህ ባቡሮች መታጠፊያ በጣም ጠባብ ነው፤ በተለምዶ ኦ27 የሚባለው ሐዲድ ሲገጣጠም የሚሠራው ክብ ከዳር እስከ ዳር 27 ኢንች፣ ማለትም 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ረጅም ፉርጎ በእንዲህ ያለ መታጠፊያ ሲያልፍ ወገቡ ወደ ክቡ ውስጥ ይገባል፤ የባቡሩ ራስ ደግሞ አፍንጫውን ወደ ውጭ ይወረውራል። ስለዚህ ባቡሩ የሚፈልገው ቦታ በቀጥታ መንገድ ላይ ቆሞ ከሚታየው ስፋት እጅግ ይበልጣል። እኔ የዋሻዬን አፍ የለካሁት በአጭር የዕቃ ፉርጎ ነበር። ተራራው ደርቆ፣ ቀለም ተቀብቶና ዛፍ ተተክሎበት ካለቀ በኋላ የመንገደኛ ፉርጎ ቀጠልኩበት፤ ፉርጎውም ዋሻው መካከል ተቀርቅሮ ቀረ። እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ስላልተውኩ ተራራውን በመዶሻ ከመስበር ሌላ መንገድ አላገኘሁም፤ የጀሶው ፍርፋሪ በሞተሩ ጥርሶች መካከል ገብቶ ሞተሩን እንደገና መፍታት ግድ ሆነብኝ።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ካሉዎት ፉርጎዎች ረጅሙን መርጠው ወገቡ ላይ በውስጠኛው ጎን፣ በባቡሩ ራስ አፍንጫ ላይ ደግሞ በውጭኛው ጎን እርሳስ በፕላስተር ያስሩ፤ የእርሳሶቹ ጫፍ መደቡን ይንካ። ሁለቱንም በእጅዎ ቀስ እያሉ በመታጠፊያው ላይ ሲገፏቸው እርሳሶቹ መደቡ ላይ ሁለት መስመር ያሰምራሉ። ከእያንዳንዱ መስመር ከሐዲዱ እየራቁ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩና ሌላ መስመር ያስምሩ፤ ከዚህ በኋለኛው መስመር ውስጥ ተራራም፣ ቤትም፣ የመብራት እንጨትም አይገባም። ለከፍታው ከረጅሙ ዕቃ በላይ 2 ሴንቲ ሜትር መተው ይበቃል። የተራራው ጀርባ ደግሞ ክንድ በሚያስገባ መጠን ክፍት ሆኖ ይቅር፤ ከፊት ለፊት ለሚያየው ሰው አይታይም።

ተራራውን ለመሥራት ካርቶን በ2 ሴንቲ ሜትር ስፋት እየሸነሸኑ እንደ ሰፌድ ጠልፈው አጥንቱን ያቁሙ፤ በላዩ ላይ አጥንት ሲሰበር የሚታሰርበትን ዓይነት ጀሶ የተነከረ ጨርቅ በውኃ እያራሱ ሁለት ድርብ ያልብሱት። ፎም እየደራረቡ መፈልፈልም ይቻላል፣ ነገር ግን ጣሳ ውስጥ ታሽጎ የሚነፋ ቀለም ፎሙን ስለሚያቀልጠው በብሩሽና በውኃ ቀለም ብቻ ይሥሩ። ጀሶው ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ ሁሉንም ቡናማ ይቀቡት፤ ይህ ከተዘለለ አንድ ቦታ በተላጠ ቁጥር ነጩ ጀሶ ብቅ ይላል።

ለሣሩ የድሮዎቹ ሰዎች የሚጠቀሙት ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነበር፤ እኔም ከሱቅ ከሚገዛው ዱቄት ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ፤ ርካሽ ከመሆኑም በላይ ከዚያ ዘመን ባቡር ጋር ይሄዳል። ሰጋቱራውን ነፍተው በቀጠነ አረንጓዴ ቀለም ይንከሩ፣ ጨምቀው ጋዜጣ ላይ ያድርቁ፤ ሁለት ሦስት ዓይነት አረንጓዴ ቢያዘጋጁና ቢቀላቅሉ አንድ ወጥ ከሆነው ይልቅ ሣር ይመስላል። ከዚያ ኮላ በእኩል ውኃ አቅጥነው መሬቱን ይቀቡና ይነስንሱበት። ለተቆፈረ መሬት የቡና አተላን የሚያህል ነገር አላገኘሁም፤ ነገር ግን አተላው በምድጃ በዝቅተኛ ሙቀት ሙሉ በሙሉ ካልደረቀ ይሻግታል። የእኔ የመጀመሪያ ማሳ በሁለተኛው ሳምንት ነጭ ጸጉር አብቅሎ ቤቱን መጥፎ ሽታ ሞላው። በሐዲዱ አቅራቢያ የብረት ሱፍ (ለመፈግፈጊያ የሚሆነውን ቀጭን ሽቦ) ጨርሶ አይጠቀሙ፤ ላዮኔል እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ማግኔት ስለገጠመ ቅንጣቶቹ እየተሳቡ ሞተሩ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን ወደ ቤቶቹ እንምጣ። በባቡሮቹ ዘመን ሰው ቤት የሚያገኘው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ከጃፓን እየመጣ በርካሽ ሱቆች ይሸጥ የነበረው የካርቶን ቤት ነው፤ መስኮቱ ባለ ቀለም ሴሎፎን፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የገና ዛፍ አምፖል የሚገባበት ክብ ቀዳዳ አለው። ሁለተኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፊላደልፊያው ኩባንያ ባችማን ብራዘርስ ያወጣው፣ ያለ ኮላ የሚገጣጠመው ፕላስቲክቪል የተባለ የፕላስቲክ ቤት ነው። የካርቶኑ ዓይነት በቤት ውስጥ ስለሚሠራ የምገልጸው እርሱን ነው።

ስለ መጠን ብዙ አይጨነቁ። በስሌት ከሄድን የዚህ ሐዲድ ዕቃ ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ መሆን ነበረበት፤ ሆኖም ርካሾቹ ባቡሮች ከዚያም ያንሳሉ። እኔ ወደ ፊት ለሚቀመጡት ቤቶች 48ን፣ ወደ ኋላ ለሚቀመጡት 64ን እጠቀማለሁ፤ የኋላዎቹ ማነሳቸው መንደሩን ጥልቅ ያስመስለዋል። በ2.1 ሜትር ከፍታ የሚሠራ በር በመጀመሪያው 44፣ በሁለተኛው 33 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በሩ ከተስተካከለ ዓይን የቀረውን ይቅር ይላል።

የቁርስ እህል ካርቶን ሁለት ድርብ ተጣብቆ ጥሩ ግድግዳ ይወጣዋል፤ በውስጡ ሞገድ ያለው የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ግን ጠርዙ ስለሚታይ አልመክረውም። ለአነስተኛ ቤት ፊቱን 12፣ ጎኑን 9፣ የግድግዳውን ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር አድርገው አንድ ፊትና አንድ ጎን በአንድነት፣ የቀረውን ፊትና ጎንም እንዲሁ ይቁረጡ፤ ለማጣበቂያ 1 ሴንቲ ሜትር ይተርፍ። በጎኖቹ ላይ የጣሪያውን ሦስት ማዕዘን 4.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ጣሪያው 14.4 በ13.6 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ ነው፤ የ14.4ቱን መካከል በስለት ጫር አድርገው ሲያጥፉት በሁሉም በኩል 8 ሚሊ ሜትር ያህል ክፈፍ ይኖረዋል። መስኮቶቹን ከመታጠፉ በፊት በአዲስ ምላጭ፣ ቀስ እያሉ ደጋግመው ይቁረጡ፤ በአንድ ምት ለመጨረስ የሚደረግ ጥድፊያ ጥጉን ይቀደዋል። ለመስታወት የከረሜላ ልባስ ይበቃል።

ቀለም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የውኃ ቀለም በአንድ በኩል ብቻ ከተቀባ ካርቶኑ እንደ ደረቀ ቅጠል ይቆለመማል። ስለዚህ ከማጣበቅዎ በፊት ውጩንም ውስጡንም ይቀቡ፤ ውስጡን ጥቁር ቢያደርጉት ደግሞ መብራት ሲበራ ብርሃኑ በመስኮት ብቻ እንጂ በግድግዳው ዘልቆ አይወጣም። መብራቱ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኤልኢዲ ይሁን፤ የድሮው አምፖል ለካርቶን በጣም ይሞቃል፤ ኤልኢዲውንም በቀጥታ ከባቡሩ ትራንስፎርመር ጋር ማገናኘት ያቃጥለዋል። ባትሪ ለመቀየር እንዲያመች ቤቱን መደቡ ላይ አያጣብቁት፤ ሥሩ ላይ የሰጋቱራ ሣር መነስነስ ክፍተቱን ይሸፍናል።

ያው ሰው የለመደውን መሥራት ስለሚወድ፣ በእነዚህ የአሜሪካ ዓይነት ቤቶች መካከል የአዲስ አበባን ለገሀር ጣቢያ ከፎቶግራፍ አይቼ አቁሜአለሁ። የበሩን ቁመት በግምት ወስጄ የቀረውን ሁሉ በእርሱ ለካሁት፤ እንዳለ ቢሠራ መደቡን ስለሚሞላው የመስኮቶቹን ብዛት በግማሽ ቀነስኩ፤ ማንም እስካሁን አልቆጠረብኝም። ከፊት ለፊቱ የሚቆመውን አንበሳ ግን ከሳሙና ለመፈልፈል ሞክሬ ጅራቱ ሁለት ጊዜ ስለተሰበረብኝ ቦታው ለጊዜው ባዶ ነው።