ሪጎሬ ስትመቱም ዋጋ ስትቆርጡም፦ ለፉክክር ቀን ቀልብን ማሠልጠን

በልምምድ ሜዳ ከአስር ዘጠኙን የሚያገባ አጥቂ ድሬዳዋ ስታዲየም በተመልካች ሞልቶ ሳለ ሪጎሬውን ከአግዳሚው በላይ ሲሰደው "ወኔ የለውም" ይባላል። የድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲከራከር የሚውል ነጋዴም አንድ ትልቅ ጅምላ ገዢ ፊቱ ሲቀመጥ ገና ሳይጠየቅ ዋጋውን ዝቅ ካደረገ "ፈራ" እንለዋለን። ሐሜቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምን መታረም እንዳለበት አይነግረንም።

ጫና ሲመጣ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው በአካል ላይ ነው፦ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ አፍ ይደርቃል፣ ጡንቻ ይገታተራል። ሁለተኛው ትኩረት ላይ ነው፦ ሰው ሳያስበው የሚሠራውን ነገር ቁርጥራጩን እየቆጠረ መቆጣጠር ይጀምራል። እግሬን የት ላሳርፍ? ቁርጭምጭሚቴ ጠብቋል? ድምፄ ተንቀጠቀጠ እንዴ? ሺህ ጊዜ የተደጋገመ እንቅስቃሴ የሚሰናከለው በዚህ ቁጥጥር ነው። የልብ ምቱን ማጥፋት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የሚሠለጥነው ቀልብ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ መወሰን ነው።

መጠናችሁን እወቁ

የርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ሠርተው ያሳተሙት ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። ሥራው ቀላል ሲሆን ብርቱ መነቃቃት ይጠቅማል፤ ሥራው ረቂቅ ሲሆን ግን ያው መነቃቃት ያበላሻል። ኳስ ለመንጠቅ መንደርደርና ሪጎሬ መምታት፣ ዕቃ ማራገፍና ውል ማንበብ አንድ ዓይነት ልብ አይፈልጉም። ጨዋታ ሊጀመር ሲል መልበሻ ክፍል ውስጥ ለአስራ አንዱም እኩል የሚጮህ አሰልጣኝ ግማሾቹን እየጎዳ ነው።

የእናንተን መጠን የምታገኙት በደብተር ነው። ከጨዋታው ወይም ከድርድሩ 10 ደቂቃ በፊት "አሁን ምን ያህል ተነቃቅቻለሁ?" ብላችሁ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ጻፉ። ሲያልቅ ደግሞ ሥራችሁ ምን ያህል እንደሰመረ ሌላ ቁጥር ስጡ። ከስምንት እስከ አስር ጊዜ ያህል ከሞላችሁ በኋላ ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን እዩ። አንዳንዱ በ4 ሲጫወት ያምርበታል፣ አንዳንዱ 7 ካልደረሰ እንቅልፋም ይሆናል። የመጀመሪያውን ቁጥር ውጤቱን ካወቃችሁ በኋላ አትሙሉ፤ ያሸነፈ ሰው "ተረጋግቼ ነበር" ይላል፣ የተሸነፈም "ልቤ ይመታ ነበር" ይላል፤ ደብተሩም ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ለድሬ ተጫዋች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። በሙቀት ውስጥ ልብ ለዚያው ሥራ ከወትሮው ይበልጥ ይመታል። ከሐረር ወይም ከአዲስ አበባ ወርዶ የሚጫወት ልጅ ላቡንና የልቡን ምት ፍርሃት ነው ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። "ይህ ሙቀቱ ነው" ብሎ ለራሱ መንገር ቀላል ቢመስልም አንዱን የስጋት ምንጭ ይቀንስለታል።

ቁጥራችሁ ከሚገባው በላይ ከወጣ ትንፋሽን ተጠቀሙ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ፤ ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው "በረጅሙ ተንፍስ" ሲባል ደረቱን ነፍቶ ብዙ አየር በፍጥነት እየሳበ ነው። እንዲህ ሲሆን ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በላይ ይቀንሳል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቱ ይደነዝዛል፤ ከዚያ የባሰ ይፈራል። ትንፋሹ ዝግ ይበል እንጂ አይተልቅ፤ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ፣ የሚነሳው እሱ ይሁን። ከውድድር በፊት ለሁለት ሳምንት በየማታው ሳትጨነቁ ተለማመዱት፤ በጭንቅ ቀን የተጀመረ ትንፋሽ አይታዘዝም። ጨዋታ ሊጀመር ሁለት ደቂቃ ሲቀረውም አታድርጉት፤ ያኔ የሚያስፈልገው ማሟሟቅ ነው።

ለራስ የሚነገረውም ቃል ልዩነት ያመጣል። ተመራማሪዋ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ንግግር ከማቅረባቸው በፊት "ጓጉቻለሁ" ያሉ ሰዎች "ተረጋግቻለሁ" ካሉት የተሻለ አቅርበዋል። ምክንያቱ የሚገባ ነው፦ ልቡ እየደለቀ "ተረጋጋ" የሚባል ሰውነት ትእዛዙን አያምንም፤ ጉጉት ግን ከፈጠነ ልብ ጋር ይስማማል።

ሪጎሬው

ነጥቡ ከግቡ 11 ሜትር ይርቃል፤ ግቡ 7.32 በ2.44 ሜትር ነው፤ በኃይል የተመታ ኳስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በረኛው ከቋሚው ጎን ለሚገባ ጠንካራ ኳስ ብዙም ዕድል የለውም። ጉዳዩ የሚበላሸው ከዚያች ግማሽ ሰከንድ በፊት ባሉት አስር ሰከንዶች ነው፤ ስለዚህ ሥርዓት የምናበጅላቸው ለእነሱ ነው።

የምትመቱበትን ማዕዘን ሜዳ ላይ አትምረጡ፤ ከዋዜማው የተመረጠ ይሁን። ኳሷን ራሳችሁ አስቀምጡ። ወደ ኋላ ስትሄዱ ጀርባችሁን ለበረኛው አትስጡ፤ ፊታችሁን ወደ እሱ እንዳደረጋችሁ ሦስት አራት እርምጃ አፈግፍጉ። አንዴ በረጅሙ አስወጡ። ዓይናችሁ ወደ ማዕዘኗ ይሂድ፣ ከዚያ ኳሷ ላይ እግራችሁ ወደሚያርፍባት ቦታ ይመለስ፣ እስክትመቱም አይነሳ። በልባችሁ አንድ ቃል ብቻ በሉ፤ ቃሉም ስለ ኢላማው ይሁን፦ "ቋሚው ሥር"፣ "ግራ ታች"። "እንዳልስት" የሚል ቃል አይግባ፤ ስለ መሳት ማሰብ ራሱ ቀልብን ወደ መሳቱ ይወስደዋል።

ፊሽካው ሲነፋ ወዲያው አትሩጡ። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት በዓለም ዋንጫ፣ በአውሮፓ ዋንጫና በቻምፒየንስ ሊግ የተመቱ የመለያ ምቶችን ሲያጠና ከፊሽካው በኋላ የተቻኮሉት ጊዜ ከወሰዱት ያነሰ አግብተዋል። መቻኮል ከጭንቁ ቶሎ ለመገላገል ነው። አንድ ትንፋሽ ይበቃል፤ በጣም መዘግየትም ሐሳብ ይጠራል።

በረኛው ሊያዘናጋችሁ ይንቀሳቀሳል፣ ዳኛው "ኳሷን አስተካክል" ይላል፣ ከደጋፊ በኩል ውኃ ይወረወራል። ሥርዓቱ ከተቋረጠ ከመሃል አትቀጥሉ፤ ከማስወጫው ትንፋሽ እንደገና ጀምሩ። ይህን አስቀድሞ ያልወሰነ ተጫዋች ግማሹን ሥርዓት ይዘልና በቀሪው ግማሽ ይመታል።

ልምምዱ ላይ ደግሞ ብዙ አሰልጣኞች የሚሠሩት ስህተት አለ፦ አስራ አምስት ኳስ ደርድሮ በተከታታይ ማስመታት። ሦስተኛው ኳስ ሁለተኛውን ያርማል፣ አራተኛው ሦስተኛውን። በጨዋታ ግን ያለችው አንዲት ኳስ ናት፣ ማረሚያ የላትም። ስለዚህ በየቀኑ ልምምድ ሲያልቅ፣ እግር ሲዝል፣ አንድ ብቻ ምቱ። ከመሃል ሜዳ እስከ ነጥቡ ያለውን 40 ሜትር ገደማ ብቻችሁን ተራመዱ፤ ጓደኞቻችሁ መስመር ይዘው ያፏጩ፤ የሳተ የቡድኑን ኳስና መረብ ይሸከም። ውጤቱን ጻፉ። በሠላሳ ቀን ሠላሳ ምት ይኖራችኋል፤ አሰልጣኝም ማን እንደሚመታ የሚወስነው ከዚያ ዝርዝር እንጂ "እኔ ልምታ" ብሎ ቀድሞ እጁን ካወጣው አይደለም።

ያው ሥርዓት ገበያ ላይ

ድርድር ላይ የማዕዘኗን ቦታ የሚይዘው ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ነው። ከመቀመጣችሁ በፊት ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ የምትጠሩትን፣ የምትፈልጉትን፣ ከዚያ በታች የማትወርዱበትን። ለምሳሌ አንድ ካርቶን ጫማ 24,000 ጠርታችሁ፣ 21,500 ፈልጋችሁ፣ 20,000 ላይ የምትቆሙ ከሆነ፣ ያ 20,000 ከመግዣው፣ ከማጓጓዣው፣ ከቀረጡና ከሱቅ ኪራዩ ድርሻ ተደምሮ የወጣ ይሁን። በስሜት የተጻፈ ወለል ገዢው ፊቱን ሲያጠቁር ይፈርሳል።

ከዚያ "እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ" የሚል ዐረፍተ ነገር አዘጋጁ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር በሰፊው ያጠናው ዘዴ ነው፤ ጥቅሙ በጭንቅ ሰዓት ማሰብን ማስቀረቱ ነው። "ገዢው 'ማዶ በ19 ሺህ ይሰጡኛል' ካለ፣ ዋጋ ሳልነካ በጥሬ ነው ወይስ በዱቤ ብዬ እጠይቃለሁ።" "ደላላው ሊያቻኩለኝ ከሞከረ፣ ስልኬን አንስቼ ሒሳቡን እንደገና እሠራለሁ።" "ገዢው ዝም ካለ፣ እስከ አምስት እየቆጠርኩ እኔም ዝም እላለሁ።" ሦስት አራት ይበቃሉ፤ አስር ከሆኑ አንዱም አይታወስም። ከሁሉ አብልጣችሁ የመጨረሻውን ተለማመዱ። ዋጋ ከጠራ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ መሸከም አቅቶት "ግን እንነጋገራለን" የሚል ነጋዴ ከራሱ ጋር ተከራክሮ ተሸንፏል።

ልምምዱ የሚሆነው ከጓደኛ ጋር ነው፤ ጓደኛችሁ ክፉ ገዢ ይሁን። ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ፣ በመጨረሻው ዙር ከወለላችሁ በታች ይስጥና ተነስቶ ይሂድ። ሲሄድ ዝም ብሎ ማየትም ልምምድ ይፈልጋል። ጸጥ ያለ ክፍል አትምረጡ፤ አሸዋ ገበያ መሃል ባጃጅ እየጮኸ የተለማመዳችሁት ነው በገበያ ቀን የሚሠራው።

ባንክ ወይም በድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና በኩል የመጣ የውጭ ገዢ ፊት ቀርባችሁ የምታስረዱ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ ቃል በቃል አጥኑ። ልብ አብዝቶ የሚደልቀው በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ እሱን የሚያሻግራችሁ አፍ የለመደው ቃል ነው። መሃሉን በነጥብ ያዙት። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮበርት ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዳው የሰው ዓይን በደንብ የተለመደውን ያሻሽላል፣ አዲሱን ያበላሻል። አዲስ ጫማ፣ አዲስ የአመታት ዘዴ፣ ትናንት ማታ የተሠራ ማቅረቢያ ለዚያ ቀን አይሆኑም።

ግብ ስትይዙም ውጤቱን ብቻ አትያዙ። "ዋንጫውን እንወስዳለን" ወይም "ውሉን እፈርማለሁ" በሌላም ሰው እጅ ነው። "ኳስ ባጣን በአምስት ሰከንድ ውስጥ እንጫናለን" ወይም "በዚህ ሳምንት 12 ገዢ አነጋግራለሁ" ግን በእናንተ እጅ ነው።

በዓይነ ልቦና ማየት

በቀን 5 ደቂቃ፣ ቆማችሁ፣ ከተቻለ መለያችሁን ወይም ለቀጠሮው የምትለብሱትን ልብስ ለብሳችሁ አድርጉት። ነገሩ በእውነተኛ ፍጥነቱ ይሂድ፤ በዝግታ የታየ ምት ጊዜውን ያዛባል። ቦታውን ቀድማችሁ እዩት፤ የድሬዳዋ ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ1976ቱ የአፍሪካ ዋንጫ የምድብ ጨዋታዎች የተካሄዱበት ሜዳ ነው፣ ለእንግዳ ቡድን ዝናውም ጫና ነው። ፀሐዩ ከየት ይመጣል? ጩኸቱ ከየት ወገን? ብዙዎች የሚስቱት ዋንጫ ሲያነሱ ብቻ በማየታቸው ነው። ስትሳሳቱና ስትመለሱም እዩ፦ ኳሷ ተነጠቀች፣ ዞራችሁ ሮጣችሁ፣ ቦታችሁን ያዛችሁ።

ጫት

በድሬና በሐረር ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ጫትን መዝለል ማስመሰል ይሆናል። ካቲኖንና ካታይን የሚባሉት በቅጠሉ ውስጥ ያሉት አነቃቂዎች ልብን ያፈጥናሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ፤ ከላይ የተነገረው የ0–10 ቁጥርም ትርጉም ያጣል። ለስፖርተኛ ደግሞ የሕግ ጉዳይ ነው፦ ሁለቱም በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ዝርዝር በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፤ ካታይን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ ጥሰት ነው። "የውድድር ጊዜ" የሚባለውም የሚጀምረው ከዋዜማው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 5፡59 ነው። ከሰዓት በኋላ የተቃመ በማግስቱ ሽንት ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል "ትናንት ነበር" ማለት አያድንም።

ለነጋዴው ችግሩ ሌላ ነው። በርጫ ላይ የሚነገር ንግድ ሁሉ ያምራል፤ ምርቃናው ሲመጣ አደጋው ይሳሳል፣ ትርፉ ይወፍራል። ተጫወቱ፣ ሐሳብ ተለዋወጡ፣ ግን ፊርማና ቀብድ ለማግስቱ ጠዋት ይደር። በዱካክ (ምርቃናው ካለፈ በኋላ በሚመጣው ድብርት) ውስጥ ሆኖ መወሰንም የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ደህናውን ውል ያስጥላል።

ከስህተት በኋላ

የሳተ ተጫዋች ወይም ደንበኛ ያመለጠው ነጋዴ የሚጎዳው በሁለተኛው ስህተት ነው። አንድ የእጅ ምልክት ምረጡ፦ ካልሲ ወደ ላይ መሳብ፣ መዳፍ ማራገፍ። ትንፋሹን አስወጡ፣ ምልክቱን አድርጉ፣ ቀጣዩን ሥራ በአንድ ቃል ሰይሙ፤ "ምልክት ያዝ"፣ "ወደ ኋላ"። ከአስር ሰከንድ አይበልጥ። ነጋዴ ግን አስር ሰከንድ አይበቃውም፤ ትልቅ ገዢ ካመለጠ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ዋጋ አይጥራ። በንዴት "ይውሰደው በቃ" ተብሎ ለሚቀጥለው ሰው የሚሰጠው ቅናሽ የመጀመሪያውን ኪሳራ በእጥፍ ያደርገዋል።

ግምገማውን ሜዳ ዳር ወይም ሱቅ በር ላይ አታድርጉት። ለሌሊት አሳድሩት፣ ግን ከ24 ሰዓት አያልፍ፤ ከዚያ በኋላ ትዝታው ራሱን ማስተካከል ይጀምራል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ሥርዓቴን ጠበቅሁ ወይስ ዘለልሁ? ቀልቤ የት ሄደ? በሚቀጥለው አንድ ነገር ብቻ ምን እለውጣለሁ? ሥርዓቱ ተጠብቆ ኳሷ ቋሚ ከመታች ሥርዓቱን አትቀይሩ። ተዘሎ ገብታ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ቀን ልምምድ ላይ ያንኑ 40 ሜትር እንደገና ተራመዱ።