የዓባይ በረሃ ጥቁር ድንጋይ ከባሕር ሥር የወጣ ነው? ራስዎ የሚለዩበት መንገድ

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ከላይ ጥቁሩን ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ዛጎል የተጣበቀበትን የኖራ ድንጋይ ያያል። ሁለቱን አገናኝቶ «ጎጃም ባሕር ነበር፣ እሳተ ገሞራውም የፈነዳው ከባሕሩ ውስጥ ነው» የሚል ጥቂት አይደለም። ባሕር መኖሩ እውነት ነው። የእሳቱን ነገር ግን ድንጋዩን አይቶ መፍረድ ይሻላል።

ትንሽ መዶሻ፣ አጉሊ መነጽር፣ አንድ ሎሚና በቂ ውሃ ይያዙ። በማለዳ ይውረዱ፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ታችኛው በረሃ አያስቆምም። ከመንገዱ በላይ ካለው ገደል ድንጋይ አይፈንቅሉ። ቦታው የሚንሸራተት ነው፣ ከሥርዎ ደግሞ ከባድ መኪና ይወርዳል።

1. የሚፈልጉትን ይወቁ

ላቫ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የሚፈሰው ድንጋይ፣ ውሃ ውስጥ ሲወጣ ላዩ ወዲያው ደርቆ ጥቁር መስታወት ይሆናል። ውስጡ ግን ገና ፈሳሽ ስለሆነ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ይወጣና ሌላ ድቡልቡል ይሠራል። እንዲህ እየተደራረበ የሚከመረው ትራስ ላቫ ይባላል። ጥልቀት ካለ ፍንዳታ እምብዛም የለም፤ በየ10 ሜትሩ የውሃው ጫና በአንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ስለሚጨምር ጋዙ ታፍኖ ይቀራል። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፊት ለፊት፣ ጫፉ 1,400 ሜትር ገደማ ውሃ ሥር ያለው አክሲያል የተባለ ተራራ በ1998፣ በ2011 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ላቫ አፍስሷል፤ ከላይ በመርከብ የሚያልፍ ሰው ግን ምንም አያይም ነበር። ጥልቀቱ ሲያንስ ነገሩ ይገለበጣል፦ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ወደ አመድ ይበታትነዋል። ለእኛ በሚቀርበው ቀይ ባሕር፣ በየመን የዙበይር ደሴቶች መካከል፣ በ2011 እና በ2013 እ.ኤ.አ. አዳዲስ ደሴቶች የተወለዱት በዚህ ዓይነት ፍንዳታ ነው።

2. ቅርጹን ይመልከቱ

ከደጀን በታች ባለው ገደል ላይ አምስት ወይም ስድስት ጎን ያላቸው ቋሚ ምሰሶዎች ካዩ፣ በወፍራሙ የተኛ ላቫ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ የተሰነጠቀ ነው። ትራስ ላቫ እንዲህ አይቆምም። ስንጥቁ ከመሐል ወደ ዳር ይበተናል፣ የላይኛው ድቡልቡልም ከሥሩ ባሉት መካከል ወደ ክፍተቱ ሰርጎ ይቀመጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝናብና ፀሐይ የጎዱት ጥቁር ድንጋይ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ክብ ክብ ይሆናል፣ ከሩቅ ሲታይም ቁርጥ ትራስ ላቫ ነው። ቅርፊቱን በጥፍርዎ ይሞክሩት። ቡናማ ሆኖ እጅዎ ላይ ከፈረሰ ያረጀ ድንጋይ እንጂ ትራስ አይደለም። የእውነተኛው ትራስ ዳር ጠቆር ያለና ደቃቅ ነው፤ ካልተበላሸ ያብለጨልጫል።

3. ቀዳዳውን ያንብቡ

በአየር ላይ የፈሰሰ ላቫ ጋዙ እየወጣ አናቱን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል። የንጣፉን አናት ይዩ፤ መሐሉ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አይፍረዱበት። ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ነገር ካለ ዛጎል እንዳይመስልዎት። ኋላ በውሃ ተሸክሞ የገባ ማዕድን ነው፤ ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ከሠራ ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን ነው፣ ዝም ካለ ሌላ።

4. በሁለት ንጣፎች መካከል ቀይ አፈር ይፈልጉ

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምስክር ይህ ነው። አንዱ ላቫ ፈስሶ ቀዝቅዞ፣ ዝናብ መትቶት አፈር ሆኖ፣ ቀጣዩ ላቫ በላዩ ሲተኛበት አፈሩ ተጠብሶ ይቀላል። ባሕር ወለል ላይ እንዲህ ያለ አፈር አይበጅም። መንገድ የቆረጠው ግድግዳ ሁሉ ለዚህ ፍለጋ ይመቻል።

5. ወደ ኖራ ድንጋዩ ይውረዱ

ድንጋዩን ፈቅፍቀው ዱቄቱ ላይ ሎሚ ይጭመቁ፤ ይንተከተካል። ይህ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል የነበረ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ በአብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ የጮቄ ተራራ ከዚያም በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተቆለለ ነው። በኖራ ድንጋዩና በጥቁሩ ድንጋይ መካከል ወንዞች ያነጠፉት አሸዋማ ድንጋይ አለ፤ እሳቱ ሲመጣ ባሕሩ ከሄደ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

በጎጃም ምድር እውነተኛ ትራስ ላቫ ቢያገኙስ? ላቫው ውሃ አግኝቷል ማለት ነው፤ ሐይቅም ወንዝም ይበቃል፣ የግድ ባሕር አያስፈልግም። መዶሻውን ለመጠን ከጎኑ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡ፣ ቦታውን በስልክዎ ይመዝግቡና ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ መምህራን ያሳዩ። ድንጋዩን ነቅለው አይውሰዱት፤ ከቦታው ከተነሣ ትርጉሙ ግማሹ ይጠፋል።