"ዶስ የተሰረቀ ነው" ሲሏችሁ እንዴት ታጣራላችሁ?

ድሬ ላይ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ ጥላ ይዞ ይቀመጣል። ባለፈው ከዚራ አንድ ግቢ በርጫ ላይ ነበርን። ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛችን "አቦ ተዉኝ! ዶስ እኮ የተሰረቀ ዕቃ ነው፣ ከሲፒኤም ነው የወሰዱት" አለ። ሁለቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስኬዱ ዋና ፕሮግራሞች ናቸው፤ ዶስ የማይክሮሶፍት፣ ሲፒኤም ደግሞ ከእሱ የሚቀድም። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን፣ አንዳችንም አልተረታንም። ለካ "ሰረቀ" የምትለዋን ቃል እያንዳንዳችን በየራሳችን ፍቺ ይዘናት ነበር። ቤት ገብቼ ራሴ አጣራሁት። እናንተም ከገጠማችሁ በዚህ መንገድ ሂዱ።

መጀመሪያ ማን መቼ ምን እንደሠራ ደርድሩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ጋሪ ኪልዳል ሲፒኤምን የሠራው በ1974 ነው። በ1980 ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ የሚባል ትንሽ ድርጅት 8086 የሚባል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተር ዋና ቺፕ) ያለው ቦርድ ይሸጥ ነበር፤ ለዚህ ፕሮሰሰር የሚሆነው ሲፒኤም ግን ዛሬ ነገ ሲባል ዘገየ። ሠራተኛቸው ቲም ፓተርሰን የራሱን ጻፈና ኪውዶስ አለው፤ በጥድፊያ የተሠራ፣ ለጊዜው ይሁን የተባለ ነገር ማለት ነው። ኋላ ስሙ 86 ዶስ ሆነ። ማይክሮሶፍት መጀመሪያ ፈቃድ ገዛ፣ በ1981 ጁላይ ደግሞ በ50,000 ዶላር ጠቅልሎ ወሰደው። በወሩ ይህንኑ ዶስ የሚጠቀመው የአይቢኤም ኮምፒውተር፣ አይቢኤም ፒሲ ወጣ። እንግዲህ ስርቆት አለ ከተባለ ቢል ጌትስን ትታችሁ የፓተርሰንን በር ነው የምታንኳኩት።

ቀጥሎ ጥያቄውን ከፋፍሉት። ዋናው ነገር እዚህ ነው። ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግርን ታውቁታላችሁ፣ ስሙ ራሱ ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ የመጣ መንገድ። እዚያ የጎረቤታችሁን ቀሚስ ይዛችሁ "ልክ እንደዚህ ስፉልኝ" ብትሉ ሰፊው ጨርቋን አይነካም። ያያል፣ ይለካል፣ ከራሱ ጨርቅ ይቆርጣል። ቅዱ ያው ነው፣ ጨርቁ ሌላ ነው፣ ገበሩ ደግሞ እንደ ሰፊው ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተምም ላይ ሦስቱን ለየብቻ ፈትሹ።

ጨርቁ ኮዱ፣ ማለትም ሰው የጻፈው የፕሮግራሙ ጽሑፍ ነው። በ2014 ካሊፎርኒያ ያለው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም የሁለቱንም የድሮ ሶርስ ኮድ ለሕዝብ ስለለቀቀ አውርዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዶስ 1.25 ደግሞ ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አለ፤ ዋናው ፋይል ገና ሲከፈት 86 ዶስ ይልና የፓተርሰንን ስም ይጠራል። ባብ ዛይድማን የሚባል ባለሙያ በ2012 የሁለቱን ኮድ በሶፍትዌር አነጻጽሮ የተቀዳ ኮድ አላገኘሁም ብሏል። ስለዚህ ፓተርሰን ጨርቁን አልሰረቀም።

ቅዱ ፕሮግራሞች ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሚጠሩበት መንገድ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጓደኛዬ ልክ ነው፣ ወላሂ። አንድ ፕሮግራም ስክሪን ላይ የሆነ ነገር ለመጻፍ ሲፈልግ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በቁጥር ይጠራዋል። ሲፒኤም ላይ 1 ከኪቦርድ አንድ ፊደል መቀበል ነው፣ 2 አንድ ፊደል ማሳየት ነው፣ 9 ደግሞ ሙሉ ጽሑፍ ማሳየት። ዶስ ላይም 1፣ 2 እና 9 ያው ናቸው። 9 ቁጥር ጽሑፉ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው በዶላር ምልክት ነው፣ በሁለቱም! ሁለት ሰዎች ተለያይተው ተቀምጠው እንዲህ ያለ ነገር አይገጣጠምላቸውም። ራሳችሁ ሞክሩት፦ ፍሪዶስ የሚባለውን ነፃ የዶስ አቻ ጫኑና ዲቡግ በሚባለው ፕሮግራም በ9 ቁጥር የዕቃ ዋጋ በዶላር ምልክት አሳትሙ። ምልክቷ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዋጋውን አታዩትም። የሚያስቅ ነገር ነው፣ ከጓደኛ ፊት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ።

ፓተርሰን ይህን ደብቆት አያውቅም። የሲፒኤምን ማኑዋል አይቼ ነው የሠራሁት ይላል። ምክንያቱም ለአሮጌው 8080 ፕሮሰሰር የተጻፈ ፕሮግራም ወደ 8086 በቀላሉ እንዲዞር ነበር የተፈለገው። ጥሪዎቹ ቢቀያየሩ ማን ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ይጽፋል?

አሁን ገበሩን ገልብጡ፣ ፋይል ዲስክ ላይ የሚቀመጥበትን መንገድ ማለት ነው። ሲፒኤም ፋይሉ ዲስኩ ላይ የት የት እንዳለ ከፋይሉ ስም ጎን ይመዘግባል፤ መጠኑንም በ128 ባይት ነው የሚቆጥረው። ዶስ ለሁሉም ፋይል አንድ ሠንጠረዥ አለው፣ ፋት የምንለው፣ ፍላሽ ፎርማት ስታደርጉ ስሙን የምታዩት። የፋትን ሐሳብ ፓተርሰን ያገኘው ዲስክ ቤዚክ ከሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ነው፣ ሲፒኤም ላይ የለም። ዶስ የፋይሉንም መጠን እስከ አንዲት ባይት ያውቃል። በነገራችን ላይ ሲፒኤምም ከሰማይ አልወረደም፤ ፋይል መቅጃው ፒፕ ስሙ ሳይቀር ዴክ ከሚባለው ድርጅት ኮምፒውተሮች የመጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "ፍርድ ቤት ወስኗል" የሚል ሰው አይጠፋም። በ2004 የወጣ አንድ መጽሐፍ የፓተርሰንን ሥራ ቅጂ ነው ስላለ እሱ በ2005 ከሰሰ፣ በ2007 ክሱ ውድቅ ሆነ። ክሱ ግን የስም ማጥፋት ነበር፤ ዳኛው ኮድ ተሰርቋል አላለም። ኪልዳል አይሮፕላን ሊያበር ሄዶ ስለ ሲፒኤም ሊነጋገሩ የመጡትን አይቢኤሞች አስጠበቃቸው የሚለውንም ተረት ተዉት፣ ደርሶም ቢሆን ስለ መቅዳት የሚነግረን የለም።

ይህን ሁሉ ይዤ በሚቀጥለው በርጫ ሄድኩ። ጓደኛዬ ጫቱን እየቀነጠሰ ሰማኝና "ቅዱም ቢሆን ይከፈልበታል" አለ። ኪልዳልም እንደዚያው ነበር ያለው፣ ልከስ ነው ሲል አይቢኤም ሲፒኤምንም አብሮ ለመሸጥ ተስማማ። ግን ዶስ 40 ዶላር፣ ሲፒኤም 240 ዶላር! ማን ይገዛዋል? በ1988 የኪልዳል ድርጅት ዲጂታል ሪሰርች ራሱ የዶስን ፕሮግራሞች የሚያስኬድ ዲአር ዶስን ለገበያ አወጣ። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ሳቀና ውሃውን አቀበለኝ።