ነፍሰ ጡር ስትታመም «ኮረንቲ» ይሰጣት ወይ? ቤተሰብም ባለሙያም የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ነፍሰ ጡሯ መብላት ትታለች። ሌሊቱን አትተኛም፤ «ብሞት ይሻለኛል» ትላለች። ሐኪሙ ኢሲቲን፣ ማለትም ለከባድ የአእምሮ ሕመም በጭንቅላት ላይ በኤሌክትሪክ የሚሰጠውንና ብዙ ሰው «ኮረንቲ» የሚለውን ሕክምና ሲያነሳ ቤተሰብ ቶሎ የሚጠይቀው «ልጁስ?» ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።

ኮረንቲው ጽንሱ ጋ ይደርሳል ማለት

ኤሌክትሮዶቹ የሚቀመጡት ጭንቅላት ላይ ነው። ኤሌክትሪኩም የሚያልፈው በእነሱ መካከል ነው፤ ማኅፀን ጋ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ታካሚዋ ማደንዘዣና ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ወስዳ ተኝታለች፤ ኦክስጅንም ይሰጣታል። ኤሌክትሪኩ አንጎል ውስጥ የሚያስነሳው፣ የሚጥል በሽታን የሚመስል መንዘፍዘፍ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

«ምንም አደጋ የሌለው» አማራጭ መፈለግ

ለኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሕክምናው አደጋ አለው፤ ግን መወዳደር ያለበት ከጤነኛ እርግዝና ጋር ሳይሆን ካልታከመው ሕመም ጋር ነው። የማትበላ፣ የእርግዝና ክትትል ያቋረጠች፣ ራሷን ልታጠፋ የምትችል እናት ሆድ ውስጥ ያለ ልጅም አደጋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት በሕክምና ጽሑፎች የተመዘገቡ 339 ነፍሰ ጡሮችን ታሪክ ሰብስቦ ነበር። በጽንስና በጨቅላ ላይ ከታዩት 25 ችግሮች ከሕክምናው ጋር ሳይያያዙ አይቀሩም የተባሉት 11 ናቸው፤ ሁለቱ ሞት ነበሩ። ቀላል ነገር አይደለም፤ በር የሚያዘጋም አይደለም።

መድኃኒት ምንጊዜም ይሻላል ማለት

እንደ መድኃኒቱ ነው። ለምሳሌ ለስሜት መዋዠቅና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይት በእርግዝና ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳል። ይህን ሰምቶ ግን ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒትን በአንዴ ማቋረጥም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

ነፍሰ ጡሯን እንደማንኛውም ታካሚ ማዘጋጀት

ይሄኛው የባለሙያ ስህተት ነው፤ ቤተሰብ ግን ሊጠይቅበት ይችላል። መጀመሪያ የማኅፀን ሐኪም ያውቃል ወይ? ከ20ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ ሴትዮዋ በጀርባዋ ቀጥ ብላ ከተኛች ማኅፀኑ ትልልቅ የደም ሥሮችን ይጫናል፤ ግፊቷ ይወርዳል፣ ለልጁ የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ ነገር አስገብቶ ወደ ግራ ማዘንበል። በእርግዝና ጊዜ ጨጓራ ውስጥ ያለው ነገር በቀላሉ ወደ ላይ ስለሚመለስ በማደንዘዣ ውስጥ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አሲድ የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጣል፤ እርግዝናው ሲገፋ ወደ አየር ቧንቧ ቱቦ ማስገባትም ይታሰባል። ሌላ ታካሚ ላይ የተለመደው ቶሎ ቶሎ ማስተንፈስ እዚህ ከበዛ ለማኅፀን የሚሄደውን ደም ይቀንሳል።

የጾም ነገርም አለ። ከማደንዘዣ በፊት ምግብ መከልከሉ ግድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከምግብ ለ6 ሰዓት፣ ከውኃ ለ2 ሰዓት ያህል። እኛ ዘንድ ግን «ባዶ ሆድ» ሲባል ከማታ ጀምሮ ውኃም የማትቀምስ አትጠፋም። የፈሳሽ እጥረት የማኅፀን ቁርጠት ያመጣል። ሰዓቱን አስረግጣችሁ ጠይቁ፤ ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽ በደም ሥር እንዲሰጣትም አንሱ።

እንደነቃች ወደ ቤት መውሰድ

የልጁ የልብ ምት ከሕክምናው በፊትም በኋላም መደመጥ አለበት። ከ24ኛው ሳምንት ገደማ ወዲህ የማኅፀን መኮማተርም ይታያል። ቁርጠት፣ ደም ወይም የሽርት ውኃ ካለ ከሆስፒታል አትወጣም። ለጥቂት ሰዓት ግራ መጋባትና መርሳት ስለሚኖር ብቻዋን አትተዉአት።

ሁለት ሦስቴ ታክማ «ዳነች» ማለት

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ እየተሰጠ ከ6 እስከ 12 ዙር ይደርሳል። ቶሎ መብላትና መሳቅ ስትጀምር ቤተሰብ ያቋርጣል፤ ሕመሙም ይመለሳል። ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ ሕመሙ በቀላሉ የሚያገረሽባቸው ናቸውና ማን እንደሚከታተላት፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ፣ ጡት ማጥባቷም እንዴት እንደሚሆን ከመውለዷ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይወሰን።