ያገለገለ ቶዮታ ስትገዙ፦ ከስሙ በፊት ብረቱን እዩ

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ ከፍኖተ ሰላም ደወለልኝ። ለበርበሬ ንግዱ የምትሆን ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አግኝቶ ቀብድ ሊከፍል ተነስቷል። «ማን አየልህ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ቶዮታ እኮ ናት! ምኗ ይታያል?» አለኝ። እስክደርስ ድረስ ገንዘቡን ከኪሱ እንዳያወጣ አስምዬው በማግስቱ ሌሊት ተሳፈርኩ።

ሃያ ስድስት ዓመት ደብረ ማርቆስ ላይ መኪና ስጠግን ኖሬያለሁ፤ በእጄ ካለፉት የሚበዙትም ቶዮታዎች ናቸው። ይህን የምጽፈው ስሙን ላጣጥል አይደለም። ስሙ በሥራ የተገኘ ነው። ግን ስሙን ያገኘው ፋብሪካው እንጂ ደላላው የሚያሳያችሁ መኪና አይደለም። ያ መኪና ከፋብሪካ ከወጣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። በዚያ ሁሉ ዘመን ማን ነዳው? ምን ጫነበት? ማን ፈታው? የምትገዙት ይህንን ነው። አባቴ ቢቸና ገበያ በሬ ሲገዛ የየት አገር ዘር ነው ብሎ ብቻ አይረካም ነበር፤ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ጫንቃውን ይዳስሳል፣ አስነስቶ ያስኬደዋል።

ፋብሪካው ስሙን እንዴት እንዳገኘ ያወቀ ሰው ግን የመመርመሪያውን መንገድ አብሮ ያገኛል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

የቶዮታ ነገር የሚነሳው ከሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1867 (የፋብሪካው ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተወለደ የአናጺ ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሸምን እያየ አድጎ ድካሟን የሚያቀል መሸመኛ ለመሥራት ዕድሜውን ሰጠ። እኛ ሰፈርም ሸማኔ ነበር፤ እናቴ የፈተለችውን ይዤ ስሄድ ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብዬ አየው ነበር። ከድሩ አንዲት ክር ከተበጠሰች መወርወሪያውን ያስቀምጥና ይቋጥራታል። «አሁን ካለፍኳት እስከ ጥለቱ ትከተለኛለች» ይል ነበር። የሳኪቺ ትልቁ ሥራ ይህንኑ ለማሽን ማስተማሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የተጠናቀቀው አውቶማቲክ መሸመኛው ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆማል። የዚያን ማሽን የፈጠራ መብት በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ገዛው።

ልጁ ኪይቺሮ በመሸመኛ ፋብሪካው ውስጥ በ1933 የመኪና ክፍል ከፈተ፤ በ1935 የመጀመሪያው የጭነት መኪና ወጣ፤ በ1937 የመኪናው ኩባንያ ራሱን ችሎ ቆመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስሙ ከቶዮዳ ወደ ቶዮታ ተለውጦ ነበር፤ በጃፓንኛ ሲጻፍ ስምንት ጭረት ስለሚሆንና ስምንት ገድ አለው ስለሚባል።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ የጭነት መኪኖች መንገድ ላይ እየቆሙ እጅግ አስቸግረው ነበር። ይህን ስናገር የማያምኑኝ ደንበኞች አሉ። በ1950 ኩባንያው ለመክሰር አፋፍ ላይ ደርሶ ከ1,500 በላይ ሠራተኛ አሰናበተ፤ ኪይቺሮም ኃላፊነቱን ወስዶ ወንበሩን ለቀቀ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ያተረፋቸው በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ያዘዛቸው የጭነት መኪኖች ናቸው። በ1957 ክራውን የተባለውን መኪና አሜሪካ ልከው በዚያ አገር ፈጣን መንገድ ላይ አቅም አነሰው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የቤት መኪና መላኩን አቆሙና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ኮሮላ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ በ1966። ሃይኤስ በ1967፣ ሃይሉክስ በ1968 ተከተሉ። ላንድክሩዘር ይቀድማቸዋል፤ በ1951 ሲሠራ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጥቶ ተፈትኗል፤ ስሙን ያገኘው ግን በ1954 ነው። ጮቄን በመኪና ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ፈተና ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ታይቺ ኦኖ የተባለ ሰው የመሸመኛውን ሕግ መኪና መገጣጠሚያው ላይ አዋለው። ስህተት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም ይችላል። ከዚያ የብልሽቱ ሥር እስኪገኝ «ለምን?» ተብሎ አምስት ጊዜ ይጠየቃል።

ይህን ባለመጠየቄ የከፈልኩት ዋጋ አለ። በ1995 ዓ.ም. ለቤተሰቤ አንዲት አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ገዛሁ። የራዲያተሯ ውሃ ይጎድል ነበር። ሻጩ «ቱቦው ነው፣ ቀይረው» አለኝ፤ ቀየርኩት፤ ዝም አልኩ። አባይ በረሃን ስንወጣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ እንደተቀመጡ በእንፋሎት ተሸፍና ቆመች። ከዚያ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ፈትቼ ወደ ኋላ ጠየቅኩ። ቱቦው ለምን ፈሰሰ? ግፊት በዝቶበት። ግፊቱ ለምን በዛ? የሞተሩ ጋዝ ወደ ውሃው ስለሚገባ። ለምን ይገባል? የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ስለተበላ። ለምን ተበላ? ቴስታታው ስለተጣመመ። ለምን ተጣመመ? ራዲያተሩ ተደፍኖ ሳለ ለብዙ ጊዜ ስለተነዳች። መካኒክ ሆኜ ሳለ ለራሴ መኪና የመጀመሪያዋን ጥያቄ ብቻ ጠይቄ ነበር የገዛሁት።

አሁን ወደ አሠራሩ። ሞተሩ ሳይነሳ በማለዳ ድረሱ። ኮፈኑን በመዳፋችሁ ዳስሱ፤ ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ነገ እመለሳለሁ ብላችሁ ሂዱ። በማርቆስ ብርድ ያደረ ሞተር አይዋሽም። እንደቀዘቀዘ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ (ትኩስ ሲሆን ፈጽሞ አትንኩት፤ ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች አውቃለሁ)። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ዝቃጭ ካለ ምርመራው እዚያ ላይ አበቃ፤ ዋጋ ቢቀንሱላችሁም አትቀጥሉ። ንጹሕ ከሆነ ሌላ ሰው ያስነሳው፣ እናንተ ከጭስ ማውጫው ኋላ ቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት ይበላል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) አልቋል። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ለትንሽ ደቂቃ ያለ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ግን ውሃ እየተቃጠለ ነው። ጥቁሩ የነዳጅ ብዛት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በትክክል ፍረዱ፦ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። የላንድክሩዘሩ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ዋን ኤችዜድ የምንለው፣ ዳገት ላይ ሲጫን ትንሽ ቢያጠቁር በሽታ አይደለም።

ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘውን ትንሽ በር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ለእኔ ግን የመኪናውን የሕይወት ታሪክ የሚነግረኝ እሱ ነው። መኪና ሲሞቅባቸው ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮች በየከተማው አሉ። ያን ጊዜ ሙቀቱ የቀነሰ ይመስላል፤ ሞተሩ ግን ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በርዶ ይሠራል፣ ነዳጅ ይፈጃል፣ ዘይቱ በቅጡ ሳይሞቅ ብረቱ ይፋጫል። በቆላ አገር ይህ ጥፋት ነው፤ በእኛ ደጋ ደግሞ ሞተር መግደል ነው። የምትለዩት እንዲህ ነው፦ ከተነሳ ከአሥር ደቂቃ ያህል በኋላ የሙቀት ቀስቱ መሃል አካባቢ ደርሶ ይቁም፤ ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ ቀስቱ ተመልሶ ወደ ታች ከወደቀ ቴርሞስታት የለም ወይም አይሠራም። ዋናው ጥያቄ ያን ጊዜ ይመጣል፦ ለምን አወጡት? ይሞቅ ነበርና። ለምን ይሞቅ ነበር? ሻጩ ይህን መመለስ ካልቻለ የእኔን ዲኤክስ አስታውሱ። የራዲያተሩ ክዳንም ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በእኛ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው የተሰነጣጠቀ ክዳን ጤነኛ ሞተር ያቃጥላል።

ቀጥሎ ፊደላቱን አንብቡ። ኮፈን ውስጥ ያለችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ የሞዴሉ መለያ አለ፤ ፊደላቱ መጀመሪያ ሞተሩን፣ ቀጥሎ መኪናውን ይናገራሉ። ኤችዜድጄ ከሆነ ኤችዜድ ሞተሩ፣ ጄ ላንድክሩዘርነቱ ነው። ኤልኤን፦ የኤል ናፍጣ ሞተር በሃይሉክስ ላይ። ኤልኤች፦ ያው ሞተር በሃይኤስ ላይ። ኬኢ፦ የኬ ሞተር በኮሮላ ላይ። ሰሌዳው ሌላ፣ የተቀመጠው ሞተር ሌላ ከሆነ ተቀይሯል ማለት ነው፤ መቀየሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ግን ችግሩ ለእናንተ ይተላለፋል። በሃይሉክስና በላንድክሩዘር የሻንሲው (አካሉ የተቀመጠበት ዋና ብረት) ቁጥር ከፊት በቀኝ ጎማ በኩል ብረቱ ላይ ተመትቷል። ጭቃውን በብሩሽ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። በቁጥሩ ዙሪያ የግራይንደር ጭረት ወይም ብየዳ ካለ መኪናውን ተዉት።

ከዚያ ካርቶን አንጥፋችሁ ከሥር ግቡ። ጭነት የበዛበት ሃይሉክስ የሚጎዳው ከጋቢናው ኋላ ሻንሲው ላይ ነው። የተጨመረ ባልስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ካያችሁ ከአቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል፤ አዲስ ጥቁር ቀለም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካያችሁ እዚያ ቦታ ላይ በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። ለአካሉ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይበቃል፤ ስቱኮ (የተጎዳ አካል መሙያ) ላይ አይዝም።

ቪትዝ የምትገዙ ደግሞ መሪውን ጠርጥሩ። ለጃፓን የተሠሩት መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ወደ ግራ የተዛወረላቸው ብዙ መጥተውልኛል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ የተደፈነ ቀዳዳ ካለ፣ የዝናብ መጥረጊያው የሚጠርገው በተሳፋሪው በኩል አጥርቶ ከሆነ፣ የመሪውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትንዱት። የጥርስ ቺንጊያም፣ የሞተሩን የላይና የታች ክፍል አዋህዶ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ጠይቁ። የቪትዝ ሞተሮች ሰንሰለት ስላላቸው እዳው ቀላል ነው፤ ዋን ኤችዜድና ፋይቭ ኤል (ከኤል ናፍጣ ሞተሮች አንዱ) ግን ባለ ቺንጊያ ናቸው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል። ሻጩ መቼ እንደለወጠ ካላወቀ እንዳልተለወጠ ቁጠሩትና የመለወጫውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

የመንገድ ሙከራው በከተማ አስፋልት ላይ አይሁን። ከቻላችሁ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ውረዱና ተመለሱ። ስትወርዱ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ እየነካችሁ፤ መሪው ከተንቀጠቀጠ ወይም የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተተ ቆማችሁ እዩ። ድልድዩ ጋ አረፍ በሉ፤ አዲሱ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ ነው፣ የጃፓንን መኪና መፈተሻ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከዚያ ዳገቱን ስትወጡ ዓይናችሁ ከሙቀት ቀስቱ ላይ አይነሳ። ደጀን ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ የዘይት መሙያውን ክዳን ንቀሉ፤ እንፋሎት በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻው ሄዷል።

ስሙ ይበቃል የሚል ካለ ኩባንያው ራሱ የደረሰበትን ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በነዳጅ መስጫ ፔዳልና በወለል ምንጣፍ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን መልሶ ጠራ፤ የመሥራቹ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ያደግንበት ፍጥነት በዝቶ ነበር ሲልም አመነ። እኔ ይህን ሳነብ አክብሮቴ ጨመረ፤ ክሯ ስትበጠስ ያቆመ ሰው ነውና። እኛ ጋ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ስለተከለከለ አሮጌዎቹ እየተወደዱ ነው፤ ሲወደዱ መሸፋፈኑም ይበዛል።

የእህቴ ልጅ ሃይሉክስ ከሩቅ ታበራ ነበር። ከሥር ስገባ ከጋቢናው ኋላ ሻንሲዋ በሁለቱም በኩል ተበይዶ ጥቁር ተቀብቷል። ልጁን ጎትቼ አስገባሁትና ጣቱን ብየዳው ላይ አስቀመጥኩለት። ምንም አላለም፤ ወጥቶ እጁን ታጠበ። ጥር ላይ ዳንግላ አንዲት ቀለሟ የደበዘዘ፣ ሻንሲዋ ግን ያልተነካ ሃይሉክስ አግኝቶ በራሱ ጠዋት ተነስቶ አየና ገዛ። ማርቆስ ሲያመጣት ቀስቷ ቁልቁለት ላይ እንደሚወርድ ነገረኝ። እውነትም ቴርሞስታት አልነበራትም። ለምን እንደወጣ ሥሩን ስንፈልግ የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ተበልቶ አገኘነው፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ቀየርንላት።