ሪጉ ሲንቀሳቀስ ኮክፒቱ እንዳይሸሽባችሁ

ቤታችሁ ሞሽን ሪግ (ከጨዋታው ጋር የሚንቀሳቀስ ወንበር) ላይ የቪአር መነፅር (ሄድሴት) አድርጋችሁ በሲሙሌተር አውሮፕላን የምታበሩ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ። ሄድሴቱ አንገታችሁን እናንተ አዘነበላችሁት ወይስ ወንበሩ አዘነበላችሁ አይለይም፣ ሁሉንም የጭንቅላት እንቅስቃሴ ነው ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ እኔ መጀመሪያ ሰሞን መሬት ነክቼ ፍሬን ስይዝ ሪጉ ወደፊት ይደፋኝና አፍንጫዬ ፓነሉ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይል ነበር፣ ማቅለሽለሹማ አይነሳ።

መፍትሄው ሞሽን ኮምፐንሴሽን ይባላል። ለኦፕንኤክስአር (ብዙ የቪአር ጨዋታዎች የሚሠሩበት የጋራ መገናኛ) በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር አለ፣ ወንበሩ ላይ ቫይቭ ትራከር (እንቅስቃሴ የሚከታተል ትንሽ መሣሪያ) ወይ ትርፍ ኮንትሮለር (የቪአሩ የእጅ መቆጣጠሪያ) ታስራላችሁ፣ ሶፍትዌሩ የወንበሩን እንቅስቃሴ ከሄድሴቱ ላይ ይቀንሰዋል፣ አለቀ። ግን አስተሳሰሩ ላይ እንዳትሰንፉ፣ እኔ በፕላስተር ለጥፌው ትራከሩ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ በቪአሩ የማየው ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) በሙሉ አብሮት ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በብሎን ጥብቅ አድርጉት። ቤዝ ስቴሽን (ሄድሴቱና ትራከሩ ያሉበትን ቦታ እንዲያውቁ የሚረዳው ሳጥን) ካላችሁ ግድግዳ ላይ እንጂ ሪጉ ላይ በፍጹም አይሰቀልም። ሄድሴታችሁ ቦታውን የሚለየው በራሱ ላይ ባለ ካሜራ ከሆነ ደግሞ ኮንትሮለሩን ከጀርባችሁ ሳይሆን ካሜራው በሚያየው በኩል እሰሩት።

ካሊብሬት የምታደርጉት (መነሻ ቦታውን የምታስይዙት) ሪጉ በርቶ መሀል ላይ ከቆመ በኋላ ነው፣ ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ ፊት ለፊት እያያችሁ። ሪጉ አዘንብሎ እያለ ካደረጋችሁት በረራውን በሙሉ አንገታችሁን አጣማችሁ ነው የምትጨርሱት 😅