የቃል ዘር እንዴት ይቆጠራል? ከጠረጴዛ እንጀምር

ጠረጴዛ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው። በግዕዝ በኩል ቤታችን ገባ። የግሪኩ «ትራፔዛ» ሲፈታ ደግሞ «ባለ አራት እግር» ማለት ነው። ይህ እንዴት ታወቀ? መንገድ አለው። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙና አብረን እንሂድ።

መጀመሪያ ውሰትን ከዝምድና ለዩ። ጠረጴዛ አማርኛ ውስጥ ስላለ ብቻ አማርኛ የግሪክ ዘመድ አይሆንም። ዕቃ ከነስሙ ይሸጣል። ዝምድና የምትፈልጉ ከሆነ በቀላሉ የማይበደሩትን ቃላት ምረጡ፦ የሰውነት ክፍል፣ ትናንሽ ቁጥሮች፣ የቤተሰብ ስም። እኛ «እግር»ን እንያዝ። «ማማ» እና «ፓፓ» ግን ይቅሩባችሁ፤ ሕፃን ሁሉ በየአገሩ የሚለው ነው።

ቀጥሎ የየቋንቋውን የድሮ መልክ ፈልጉ፤ ከነእርባታው። የላቲን መዝገበ ቃላት እግርን «ፔስ» ይላችኋል። «የእግር» ሲሆን ግን «ፔዲስ» ይላል፤ ተደብቃ የነበረችው «ድ» ያኔ ብቅ ትላለች። እንግዲህ ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦ ላቲን ፔድ፣ ግሪክ ፖድ፣ ሳንስክሪት (የጥንት ሕንድ ቋንቋ) ፓድ፣ እንግሊዝኛ ፉት።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፦ የሚደጋገመውን መፈለግ። በአንድ ቃል ዝምድና አይረጋገጥም። አባት በላቲን ፓተር፣ በግሪክ ፓቴር፣ በሳንስክሪት ፒታር፣ በእንግሊዝኛ ፋዘር ነው። ዓሣ በላቲን ፒስኪስ፣ በእንግሊዝኛ ፊሽ። ሌሎቹ «ፕ» ሲሉ እንግሊዝኛ «ፍ» ይላል። «ድ»ንም ሞክሯት፦ ሁለት በላቲን ዱኦ፣ በእንግሊዝኛ ቱ፤ ዐሥር ዴኬም፣ ቴን። ፔድ እና ፉት በሁለቱም ተነባቢዎች ደንቡን ጠብቀዋል። ይህን ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ በ1818 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም በ1822 በደንብ መልክ አስቀመጠው። ስሙ ለግሪም ቀረ። ዕድል ነው።

የድምፅ ደንብ ለእኛ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። «ጢሞቴዎስ» ብላችሁ ጻፉ። ለምን አንዱ ጢ፣ ሌላው ቴ ሆነ? ግሪኩ ላይ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አባቶች ታውን በ«ጠ»፣ ቴታን በ«ተ» ጻፏቸው። ጴጥሮስንና ቶማስን አስተያዩ። ጠረጴዛም በ«ጠ» የተጻፈችው በዚያው ደንብ ነው።

ደንቡን ከያዛችሁ መመሳሰል አያታልላችሁም። ቴዎድሮስ የሚለው ስም ውስጥ ያለው «ቴዎስ» በግሪክ አምላክ ማለት ነው። በላቲን አምላክ «ዴኡስ» ነው። አንድ ቃል አይመስልም? እኔም ለዓመታት አንድ ይመስለኝ ነበር። ግን ቁጠሩት። የላቲን «ድ» በቃል መጀመሪያ ላይ በግሪክም «ድ» ነው፦ ዴኬም፣ ዴካ። በቴታ የሚጀምር የግሪክ ቃል ደግሞ ላቲን ውስጥ በ«ፍ» ይመጣል፦ በር በግሪክ ቲራ፣ በላቲን ፎሪስ። ስለዚህ ቴዎስና ዴኡስ አይገናኙም። የዴኡስ እውነተኛ ዘመድ «ዜኡስ» ነው፤ በሳንስክሪት ሰማይን የሚያመለክተው «ድያውስ»ም እንዲሁ።

«ድይ» እንዴት «ዝ» ይሆናል ትሉ ይሆናል። ወንዱን «ሂድ» ትሉታላችሁ፤ ሴቷን? «ሂዲ» አትሏትም፤ «ሂጂ» ነው። «ድ» ከ«ኢ» ጋር ስትገናኝ አፋችን ውስጥ ትለወጣለች። ግሪኮቹ «ጅ» በማለት ፋንታ «ዝ» ላይ ደረሱ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በዚሁ መንገድ ፔድ ላይ «ያ» ሲጨመር «ፔዛ» ወጣ። የጠረጴዛን እግር አገኘናት ማለት ነው።

ከደንብ የወጣ ቃል ሲያጋጥማችሁ ደብተሩን አትዝጉ። በላቲን ፓተርና ፍራተር፣ አባትና ወንድም፣ ሁለቱም «ት» አላቸው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን አባት «ፋደር» ሲሆን፣ ወንድም ምላስን በጥርስ መሃል አድርገው የሚያወጡት ድምፅ ነበረው። ለምን ተለያዩ? ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ካርል ቨርነር በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ መልሱን ሰጠ። ሳንስክሪትን ብታዩ ፒታር ላይ ጫናው፣ ማለትም ድምፁ ጎላ የሚልበት ቦታ፣ ከ«ታ» ላይ ያርፋል፤ ብራታር (ወንድም) ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀለም ላይ። ጫናው ቀድሞ ካልመጣ ድምፁ ወደ «ድ» ያደላል። እንደ ስህተት የተቆጠረው ነገር ራሱ ደንብ ሆኖ ተገኘ።

በመጨረሻ ከሁሉም ጀርባ ያለውን ሥር ጻፉና ፊቱ ላይ ኮከብ አድርጉበት፦ *ፔድ። ኮከቡ «ተጽፎ አልተገኘም፤ በስሌት የመጣ ነው» ማለት ነው። «ትራ» ደግሞ የተቆራረጠ «አራት» ናት፤ ሙሉ መልኳን ግሪኩ «ቴትራ» ላይ ታገኟታላችሁ።

ትርጉሙንም ከጥንት ጽሑፍ ጋር አመሳክሩ። እንግሊዛዊው ማይክል ቬንትሪስ በ1952 የፈታው የግሪኮች ጥንታዊ ጽሕፈት በሸክላ ላይ ተገኝቷል። ግሪክ ውስጥ ፒሎስ በተባለው ቤተ መንግሥት የዕቃ ዝርዝር ላይ «ቶ-ፔ-ዛ» ተመዝግባለች። አንዳንዷ ጠረጴዛ አጠገብ ደግሞ «ኤ-ኔ-ዎ-ፔ-ዛ» ይላል፤ ባለ ዘጠኝ እግር። ባለ ዘጠኝ እግር የሆነች «ባለ አራት እግር»! የዛሬ 3,200 ዓመት ገደማ የነበረው ጸሐፊም ቃሉ ውስጥ አራት ቁጥር መኖሩን ሳይረሳው አልቀረም።